ዕጩ መኮንን ልትሆኑ ነው? ከዝግጅት እስከ መጨረሻው የመስክ ልምምድ

«ሥልጠናው ምን ይመስላል?» «ምን ይዤ ልሂድ?» «ስንት ፑሽአፕ መሥራት አለብኝ?» አዲስ ኮርስ ሊጀመር ሲል እነዚህ ጥያቄዎች ከየአቅጣጫው ይመጡልኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ከመድገም እዚህ ላይ ተራ በተራ ላስቀምጠው።

ርዝመቱ እንደየጦሩ ይለያያል። የአሜሪካ ምድር ጦር የዕጩ መኮንኖች ኮርስ 12 ሳምንት ነው። የአሜሪካ ማሪኖች (የባሕር እግረኛ ጦር) ኮርስ ኳንቲኮ በተባለው ጦር ሰፈር 10 ሳምንት ነው። የእንግሊዙ ሳንድኸርስት ወታደራዊ አካዳሚ 44 ሳምንት ያህል ይወስዳል። ዲግሪና ውትድርና አጣምረው 4 ዓመት የሚያስተምሩ አካዳሚዎችም አሉ። አካሄዱ ግን ይመሳሰላል። መጀመሪያ መታዘዝ ትማራላችሁ። ቀጥሎ ሙያው ይመጣል፦ ካርታ፣ መሣሪያ፣ ስልት። በመጨረሻ ደክሟችሁ ሳለ ሌሎችን ምሩ ትባላላችሁ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ። አሠልጣኙ የሚመዝነው ጉልበታችሁን ብቻ አይደለም። እንቅልፍ ሲያጥር፣ እግር ሲላጥ፣ ሰዓት ሲያልቅ እንዴት እንደምታስቡ ነው የሚያየው። ስለዚህ እጅና እግር በልምድ ሊሠሩት የሚችሉትን ሁሉ አስቀድማችሁ አስለምዷቸው። ጭንቅላታችሁ ሰው ለመምራት ይትረፍ። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ለዚህ ነው የተቀመጡት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ትምህርት ቤቱ የሚልክላችሁ ዝርዝር ከዚህ ይቀድማል። እዚያ ላይ የተከለከለ ነገር እዚህ ቢኖር ተዉት።

- የተለመደ ከስክስ ጫማ (ከቤት ይዞ መግባት ከተፈቀደ)
- ወፍራም የሱፍ ወይም የሱፍ ቅልቅል ካልሲ፣ ቢያንስ 6 ጥንድ። ከሥሩ የሚለበስ ስስ ካልሲም ጨምሩ። ጥጥ አይሁን፤ ላብ ይዞ ይቀራል።
- ኪስ የሚገባ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ ይከዳችኋል።
- ውኃ የማያስገባ የእጅ ሰዓት፣ መብራትና ደወል ያለው። ስልካችሁ እንደሚወሰድ ቁጠሩት።
- ቀይ ብርሃን ያለው የግንባር ባትሪ። ቀይ ብርሃን ጨለማ የለመደ ዓይንን ብዙ አያውክም።
- አፋቸው የሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢቶች፣ ትልቅም ትንሽም
- ጥፍር መቁረጫ፣ የእግር ፓውደር፣ ሰፊ ፕላስተር፣ መርፌና ክር
- የማይለቅ ማርከር። ስም ያልተጻፈበት ዕቃ ባለቤት የለውም።
- የትምህርት፣ የልደትና የክትባት ማስረጃ፣ ኦሪጅናሉና 2 ኮፒ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ትርፍ መነጽር።

ጌጣጌጥ፣ ብዙ ገንዘብ፣ ሐኪም ያላዘዘው መድኃኒትና የጡንቻ ማሳደጊያ ዱቄት ቤት ይቅር።

1. ሰውነታችሁን ቢያንስ ከ3 ወር በፊት አዘጋጁ

በሳምንት 3 ቀን ሩጫ፣ 2 ቀን ፑሽአፕ፣ ፑልአፕና ፕላንክ፣ 1 ቀን ሸክም ይዞ የእግር ጉዞ ይበቃል። አንዱ ሩጫ ረጅምና ዝግ ያለ፣ አንዱ አጭርና ፈጣን፣ አንዱ ዳገት ላይ ይሁን።

ሸክሙን ከ10 ኪሎ አካባቢ ጀምሩ። ከዚያ ወይ ክብደቱን ወይ ርቀቱን ጨምሩ እንጂ በአንድ ሳምንት ሁለቱንም አትጨምሩ። ምክንያቱ አጥንት ነው። ሳንባና ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራሉ፤ አጥንት ግን ቀስ ይላል። ትንፋሻችሁ «እችላለሁ» ሲል ቅልጥማችሁ ገና አልደረሰም። ጠንካራ የሚባሉትን ዕጩዎች ሳይቀር ከሥልጠና የሚያስቀረው በዚህ መሐል የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ ነው።

ከባዱን ዕቃ ቦርሳው ውስጥ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ጀርባችሁ አስጠጉት። ታች ከተንጠለጠለ ወደ ኋላ ይጎትታችኋል፤ ለማካካስ ትጎብጣላችሁ፤ ወገብ የሚጎዳውም ያኔ ነው። በዝግጅት ጊዜ ሸክም ይዛችሁ አትሩጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቅልጥማችሁ ወይም እግራችሁ ላይ በአንድ ጣት ጠቁማችሁ የምታሳዩት፣ ስትራመዱ የሚብስ ሕመም ካለ አቁሙና ታከሙ። የጡንቻ ሕመም ሰፋ ብሎ ይሰማል። የአጥንት ሕመም ግን ቦታው አንድ ነጥብ ነው።

የመጨረሻውን ሳምንት ቀንሱ። ያን ሳምንት ጉልበት አትጨምሩም፤ ድካም ብቻ ይዛችሁ ነው የምትገቡት።

2. ጫማውን አልምዱ፣ እግራችሁን ጠብቁ

አዲስ ከስክስ ይዞ መግባት ራስን መቅጣት ነው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት አድርጉት። ከዚያ አጭር ጉዞ፣ ከዚያ በሸክም። ስትገዙ ከሰዓት በኋላ ለኩ፤ እግር ሲውል ያብጣል። ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይኑር። ቁልቁለት ላይ ጥፍር የሚጠቁረው ቦታ ሲያጣ ነው።

እግር ውኃ የሚቋጥረው ከ3 ነገር ነው፦ ፍትጊያ፣ ሙቀትና እርጥበት። ስስ ካልሲ ከውስጥ፣ ወፍራሙን ከላይ ካደረጋችሁ ፍትጊያው በሁለቱ መሐል ያልቃል፤ ቆዳችሁ ይተርፋል። ካልሲ መቀየር ደግሞ እርጥበቱን ያስወግዳል። እረፍት ሲሰጥ መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ምግብ።

እየሄዳችሁ አንድ ቦታ ሞቅ ሞቅ ሲላችሁ፣ ገና ሳይቋጥር ፕላስተር ለጥፉበት። «እረፍት ላይ አየዋለሁ» ያለ ሰው እረፍቱ ሲደርስ ቆዳው ተነስቶ ነው የሚያገኘው። ከቋጠረ ቆዳውን አትላጡት፤ ከሥሩ ላለው ሥጋ ከየትኛውም ፋሻ የተሻለ መከላከያ ነው። ጥፍር ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። ጎንና ጎኑን ከከረከማችሁት ሥጋ ውስጥ ይገባል።

በብርድና በጭቃ ቀናት እግራችሁ ነጥቶ ከተጨማደደና ከደነዘዘ አድርቁት፣ ደረቅ ካልሲ አድርጉ፣ ለጤና ባለሙያ አሳዩ። እሳት አጠገብ አታስጠጉት። የደነዘዘ እግር ቢቃጠልም አይታወቃችሁም።

3. ካርታና ኮምፓስ ከመግባታችሁ በፊት ጀምሩ

ብዙ ዕጩ የሚወድቅበት ፈተና ይኼ ነው። ብቻችሁን ናችሁ፤ ጓደኛ አይረዳችሁም። ሥልጠና ውስጥ ለመለማመድ የሚሰጠው ጊዜም አጭር ነው።

ሀ. መለኪያውን በቃል ያዙ። በ1:50,000 ካርታ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። በ1:25,000 ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር። ባለ 6 አኃዝ የካርታ ነጥብ ቦታውን በ100 ሜትር፣ ባለ 8 አኃዝ በ10 ሜትር ያሳያል።

ለ. እርምጃችሁን ቁጠሩ። 100 ሜትር ለክታችሁ ግራ እግራችሁ መሬት በነካ ቁጥር አንድ በሉ። ብዙ ሰው ሜዳ ላይ ከ60 እስከ 70 ያገኛል። በዳገት፣ በጨለማና በሸክም ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ለብቻ ለክታችሁ ጻፉ። በየ100 ሜትሩ አንድ ጠጠር ከኪስ ወደ ኪስ አዛውሩ። ደክሞት የሚቆጥር ጭንቅላት ይረሳል፤ ጠጠር አይረሳም።

ሐ. የካርታው ሰሜንና የኮምፓሱ ሰሜን አንድ አይደሉም። ልዩነቱ ካርታው ግርጌ ላይ ተጽፏል። ልዩነቱ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከካርታ ወደ ኮምፓስ ስትሄዱ ይቀነሳል፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ይደመራል። ይህን መርሳት ቀላል ስሕተት አይምሰላችሁ። አንድ ዲግሪ ስሕተት በ1 ኪሎ ሜትር ላይ 17 ሜትር ያህል ያስታል። 5 ዲግሪ ደግሞ 87 ሜትር ያህል። በጫካ ውስጥ፣ በሌሊት፣ 87 ሜትር የሳተ ሰው ምልክቱን አያየውም።

መ. ሆን ብላችሁ ወደ አንድ ጎን ሳቱ። ወንዝ ላይ ያለ ድልድይ ፈልጋችኋል እንበል። በቀጥታ ወደ ድልድዩ ሄዳችሁ ወንዙ ጋ ስትደርሱ ድልድዩን ካጣችሁት በግራ ይሁን በቀኝ አታውቁም። ከመጀመሪያው ጥቂት ዲግሪ ወደ ግራ ካጋደላችሁ ግን ወንዙን ስታገኙ ወደ ቀኝ መታጠፍ ብቻ ነው።

ኮምፓስ ስታነቡ መሣሪያችሁንና ሬዲዮውን ራቅ አድርጉ። ብረት መርፌውን ይስበዋል። ከጠፋችሁ ደግሞ አትሩጡ። ቁሙ፣ ውኃ ጠጡ፣ መጨረሻ በእርግጠኝነት ወደምታውቁት ቦታ ተመለሱ። የጠፋ ሰው እግሩ ይፈጥናል፤ የበለጠ የሚያጠፋውም ይኼ ነው።

4. የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጸጥታ እለፉ

ፀጉር ይቆረጣል፣ ዕቃ ይታደላል፣ ሐኪም ያያችኋል፣ የአካል ብቃት ፈተና ይሰጣል። ጩኸት ይኖራል። በግል አትውሰዱት። አሠልጣኙ ጫና ውስጥ ስትገቡ ምን እንደምትሆኑ እየለካ ነው።

አመላለሳችሁ አጭር ይሁን፦ «አዎ ጌታዬ»፣ «የለም ጌታዬ»፣ «ምክንያት የለኝም»። ማብራሪያ ሲጠየቅ ብቻ ይሰጣል። የማዕረግ ምልክቶችን፣ የዕዝ ሰንሰለቱንና የዘብ ግዴታዎችን ከመግባታችሁ በፊት በቃል ያዙ። አንዱን ባለመያዛችሁ መቶው (ብዙ ጓዶችን የያዘው ክፍላችሁ) ሙሉ ሊቀጣ ይችላል፤ ያን ማታ ማን እንደሚጠላ ገምቱት።

የተሰጠው ሥራ በተሰጠው ሰዓት አያልቅም። ብዙ ጊዜ የታሰበበት ነው። ምን አስቀድማችሁ ምን እንደምትተዉ ሊታይ ነው። ሁሉንም በግማሽ ከመንካት የሚፈተሸውን ጨርሳችሁ ቀሪውን ተከፋፈሉ።

5. ፍተሻን በጋራ ሥሩ

አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ጫማ፣ መሣሪያ። ሁሉም ሰው የራሱን ብቻ ከሠራ ሁሉም ይዘገያል። አልጋ ማንጠፍ የሚችል የ3 ሰው አልጋ ያንጥፍ፤ ጫማ መወልወል የሚችል የ3 ሰው ጫማ ይወልውል። ፍተሻው የሚለካው ለዝርዝር ያላችሁን ትኩረት ነው። የተጣመመች የልብስ ቁልፍ ያላየ ዓይን በኋላ ያልተቆለፈ መሣሪያም አያይም። እዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም፤ በ2 ሳምንት ትለምዱታላችሁ።

6. ውኃ፣ ሙቀትና ሕመም

ውኃ ቀስ በቀስ ጠጡ። ነገር ግን «በብዛት ጠጡ» ሲባል ወሰን የለውም ማለት አይደለም። የአሜሪካ ምድር ጦር መመሪያ በሰዓት ከ1.4 ሊትር ያህል፣ በቀን ደግሞ ከ11 ሊትር ያህል እንዳይበልጥ ይላል። ከመጠን ያለፈ ውኃ የደምን ጨው አቅጥኖ ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ለሞትም ያደርሳል። ምግብ አትዝለሉ፤ ጨው የምታገኙት ከእሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በሙቀት መሐል ጓደኛችሁ ከተወላገደ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ ወይም የት እንዳለ ከጠፋው የሙቀት ምት ነው ብላችሁ ተነሱ። «ላቡ አለ፣ ደህና ነው» አትበሉ፤ እያላበውም ሊሆን ይችላል። እርዳታ ጥሩ፣ ጥላ ሥር አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ንከሩት ወይም አርሱት። ማቀዝቀዝ ይቀድማል፤ ማጓጓዝ ይከተላል። ግራ የገባውን ሰው ግን ውኃ በአፉ አታጠጡት፤ ትን ሊለው ይችላል።

ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንታችሁ እንደ ኮካ ከጠቆረና ጡንቻችሁ ከመጠን በላይ ካመመ በዚያው ቀን ሕክምና ሂዱ። የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን ይመታል።

ሕመም መደበቅ ጀግንነት መስሎ ይታያል። ቶሎ የታየ ጉዳት ጥቂት ቀን ያሳርፋል። የተደበቀ ግን ኮርሱን ያስጨርሳል፤ ያውም ሳይመረቁ።

7. መሣሪያ ስትይዙ 4 ነገር

ሁልጊዜ ጥይት የጎረሰ ነው ብላችሁ ያዙት። ልትመቱ ወደማትፈልጉት ነገር አፈሙዙን አታዙሩ። ለመተኮስ እስክትወስኑ ጣታችሁ ከቃታ ውጭ ይሁን። ዒላማውንና ከጀርባው ያለውን እወቁ።

ሳይታሰብ የተተኮሰ አንድ ጥይት ከኮርስ ሊያባርር ይችላል። ልምምድ ላይ መሣሪያው ከእጃችሁ ርቀት አይውጣ፣ ስትተኙም ጭምር። ተኝታችሁ ሳለ መሣሪያችሁን የሚወስድ አሠልጣኝ አይጠፋም።

8. ትእዛዝ መስጠት ተለማመዱ

መኮንኑን ከሌላው የሚለየው ሥራ ይኼ ነው፤ ብዙ ጊዜያችሁንም እዚህ ላይ አውሉ። በብዙ ጦሮች የዘመቻ ትእዛዝ 5 ክፍል አለው፦

1. ሁኔታ፦ ጠላት፣ ወገን፣ መሬትና አየር
2. ግዳጅ፦ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን
3. አፈጻጸም፦ ማን ምን ይሠራል፣ በምን ቅደም ተከተል
4. አስተዳደርና ሎጂስቲክስ፦ ጥይት፣ ውኃ፣ ስንቅ፣ ቁስለኛ
5. አዛዥነትና ግንኙነት፦ መሪው የት ነው፣ ቢመታ ማን ይተካል፣ ምልክቱ ምንድን ነው

ግዳጁ ሁለት ጊዜ ይነበባል። ሌላው ሁሉ ቢረሳ እሱ እንዲቀር ነው። «ለምን» የሚለውን ደግሞ አትዝለሉ። ዕቅዱ ሲበላሽ ወታደሩ በራሱ መወሰን የሚችለው ዓላማውን ካወቀ ብቻ ነው።

ሰዓቱን ለ3 ክፈሉት። አንዱ እጅ የእናንተ ነው፤ ሁለቱ እጅ የበታቾቻችሁ። 6 ሰዓት ከተሰጣችሁ በ2 ሰዓት ውስጥ ዕቅዳችሁን ጨርሳችሁ ትእዛዝ ስጡ። ቀሪው 4 ሰዓት ጓድ መሪዎቹ (የመቶው ትንንሽ ቡድኖች መሪዎች) እንዲያዘጋጁና እንዲለማመዱ ነው። እስከዚያው ማስጠንቀቂያ ትእዛዝ አስቀድማችሁ ላኩ፦ «በዚህ ሰዓት እንንቀሳቀሳለን፣ የሌሊት ነው፣ ይህን ያህል ውኃ ያዙ።» እናንተ ስታቅዱ ሰዎቹ ሥራ አይፈቱም።

የተለመደውን ስሕተት በቅርብ ላሳያችሁ። ዕጩው ደብተሩን ፊቱ ላይ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ 20 ደቂቃ ያነብባል። ከፊቱ የተቀመጡት ዓይናቸው ይከደናል። ሲጨርስ «ጥያቄ አለ?» ይላል። ዝም። «ጥሩ» ብሎ ይነሳል። መንገድ ላይ ሁለተኛው ጓድ ወደ ግራ መዞር ሲገባው ቀጥ ይላል።

መፍትሔው መሬት ላይ ነው። በአፈር፣ በጠጠርና በክር የመሬቱን ሞዴል ሥሩ። ሰማያዊ ክር ወንዝ፣ ድንጋይ ኮረብታ፣ እንጨት ጠላት። ሰሜንን አመልክቱ። እያንዳንዱን ጓድ መሪ አስነሥታችሁ መንገዱን በጣቱ እንዲያሳይ አድርጉ። «ጥያቄ አለ?» አትበሉ። «አንተ፣ የመቶ መሪው ቢመታ ምን ታደርጋለህ?» በሉ። ያልገባው ያኔ ይታወቃል።

ከመግባታችሁ በፊት ቤታችሁም ልትለማመዱት ትችላላችሁ። የቤተሰብ ጉዞ ወይም ዕቃ ማጓጓዝ በ5ቱ ክፍል ጽፋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ቤተሰብ ይሥቅባችኋል፤ ይሣቅ።

9. የመምራት ተራ ሲደርሳችሁ

በየተራ የጓድ ወይም የመቶ መሪ ትደረጋላችሁ። አሠልጣኙ ደብተር ይዞ ከኋላ ይከተላል። ሁሉን ራሳችሁ አትሥሩ። የመቶ መሪ ጉድጓድ እየቆፈረ ከሆነ ማንም መቶውን እየመራ አይደለም። ሥራውን በስም ስጡ፦ «አንድ ሰው ውኃ ያምጣ» ካላችሁ ማንም አያመጣም።

ዕቅድ ሲፈርስ ወስኑ። በሰዓቱ የተሰጠ መካከለኛ ውሳኔ ዘግይቶ ከመጣ ጥሩ ውሳኔ ይሻላል። ሲሳሳት ይታረማል፤ ያልተሰጠ ውሳኔ ግን አይታረምም።

ማስጠንቀቂያ፦ የማታውቁትን ሪፖርት አታድርጉ። ሌሊት ነው፣ ዝናብ አለ፣ አሠልጣኙ «ንብረት ተሟልቷል?» ይላል። ሁሉም መሄድ ይፈልጋል። «ተሟልቷል ጌታዬ» ማለት ይቀላል። ያልቆጠራችሁ ከሆነ «አልቆጠርኩም፣ 5 ደቂቃ ይሰጠኝ» በሉ። ይቆጣችኋል፤ ያልፋል። በሐሰት ሪፖርት የተያዘ ግን ሩጫው ቢፈጥን፣ ፈተናው ቢያምር አይድንም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሪፖርታችሁ ላይ ተመሥርቶ ሌላ ሰው ነፍሱን ያስይዛል።

10. የጓደኛ ምዘና እንዳለ አስታውሱ

በብዙ ኮርሶች ዕጩዎች እርስ በርስ ይመዛዘናሉ። አሠልጣኙ ሲያይ ብቻ የሚሠራውን ጓደኞቹ ያውቁታል። የመሪነት ተራችሁ ባልሆነ ቀን የምትሆኑት የበለጠ ይቆጠራል፦ ከባዱን መሣሪያ ማን ይሸከማል፣ ለዘብ ተራ በሰዓቱ ማን ይነሣል። ጓደኛችሁን ስትመዝኑ ደግሞ ሐሜት አትጻፉ። ያደረገውን፣ ቀኑንና ውጤቱን ጻፉ።

11. የመጨረሻው የመስክ ልምምድ

ቀናት ይወስዳል፣ እንቅልፉ ጥቂት ነው። 3 ነገር ያድናችኋል። አንደኛ፣ የእንቅልፍ ዕቅድ አውጡ፤ መሪውም በተራው ይተኛ። እንቅልፍ ያጣ መሪ ራሱ ደህና እያሰበ ይመስለዋል፤ ችግሩም ይኼው ነው። ሁለተኛ፣ ትእዛዝ የተቀበለ ሰው መልሶ ይድገመው። ሦስተኛ፣ ደረቅ ልብስ አንድ ጥንድ በፕላስቲክ ታሽጎ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ። ጠዋት እርጥቡን መልሳችሁ ልበሱ። ይዘገንናል፤ ነገር ግን ማታ የምትለብሱት ደረቅ ልብስ የሚተርፈው እንዲህ ካደረጋችሁ ነው።

ሌሎች የተለመዱ ስሕተቶች

- የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ ኃይል ሮጦ መጨረስ። ለቀሪው አይተርፍም።
- የተሰጠን አስተያየት መከራከር። ጻፉት፣ አመስግኑ፣ በሚቀጥለው ተራ አርሙት።
- ቀልደኛ ወይም «ሁሉን አውቃለሁ» ባይ ሆኖ በመጀመሪያው ቀን መታወቅ።
- ቀደም ብሎ ወታደር የነበረ ሰው አዲሶቹን መናቅ። ልምዱን ቢያካፍል ጓዱ ሙሉ ይጠቀማል።
- ማታ «እተዋለሁ» ብሎ መወሰን። ስትሞቁና ስትበሉ ሐሳቡ ይቀየራል። ጠዋት ከቁርስ በኋላም ከጸና ያኔ አነጋግሩ።

ከአንድ ፈተና ብትወድቁ ወይም ብትጎዱ በብዙ ትምህርት ቤቶች ወደ ቀጣዩ ኮርስ የመዛወር ዕድል አለ። ከመውጣታችሁ በፊት የምዘና ወረቀታችሁን ለማየት ጠይቁ። የወደቃችሁበትን ነጥብ በትክክል ጻፉት፣ «ካርታ» ብላችሁ ሳይሆን «የሌሊት ርቀት አቆጣጠር» ብላችሁ። ሐኪም የሰጣችሁን የማገገሚያ ጊዜ አታሳጥሩ። ከዚያ ከደረጃ 1 ጀምሩ።